አክስቴ፣ ስቴንቱና የሐጂ ይመር እስክሪብቶ

ሰው ተመርቆ ሥራ ይይዛል። እኔ ተመርቄ የያዝኩት የአክስቴን ልብ ነው።

ልናገር በቃ፣ መሸፋፈን አልችልበትም። የተመረቅኩት በውሃ ምህንድስና ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ግድብ፣ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ፍሰት ስሰማ ከረምኩና ካባና ቆብ አድርጌ ፎቶ ተነሳሁ። ያንን ፎቶ በስልኬ ይዤ ሻርጃ፣ አክስቴ ሰአዳ ጋ መጣሁ። ግድብ ሥሪልን ብሎ ኤርፖርት የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን አጅማን፣ አል ጁርፍ ውስጥ፣ የውሃ ማጣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ስልክ አነሳለሁ። "ማጣሪያው ያንጠባጥባል" ይሉኛል፤ "ቴክኒሺያን እንልካለን" እላለሁ። ቴክኒሺያኑ አንድ ነው፣ እሱም ስልክ አያነሳም። ሹግሌ፣ ሥራ የምለው፣ ይኸው ነው።

አክስቴ የወሎ ሰው ናት፣ ከሚሴ አጠገብ ካለች መንደር። ለአንዲት ማዳም፣ ለአሠሪዋ፣ አስራ ሰባት ዓመት ምግብ አብስላለች። የማዳም ልጆች አድገው ከቤት ሲወጡ አክስቴም ወጣችና ሙዋይለህ በሚባለው የሻርጃ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ያዘች፤ ማዳም ጋ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። ሁለተኛው አልጋ ላይ እኔ ነኝ። አክስቴ ሁለት ነገር አታምንም፦ ሊፍትና ሐኪም። ሊፍት መሀል ላይ ይቆማል። ሐኪም ደግሞ ደህና የነበረን ሰው አስቀምጦ በሽታ ይነግረዋል።

ሐጂ ይመር የአክስቴ ዘመድ አይደሉም። ግን ያገር ልጅ ናቸው፣ የመረዳጃ ማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው፣ መኪና አላቸው። ከሸሚዛቸው ኪስ የማትጠፋ የብር ቀለም ያላት እስክሪብቶም አለቻቸው። ያለሷ ስብሰባ አይከፍቱም። ሰው ሲናገር እስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ ያደርጓታል፤ ቀጭታው ሲቆም ውሳኔ መጣ ማለት ነው። እኔ የመጣሁ ሰሞን ቤት ድረስ መጥተው ፈተኑኝ።

"ምንድነው የተማርሽው፣ ልጄ?"

"ውሃ ምህንድስና።"

"ቧንቧ ማለት ነው?"

"ቧንቧም አለበት" አልኩ፣ ለመገላገል ብዬ።

እስክሪብቶዋ ቀጥ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሻርጃና በአጅማን ያለ የወሎ ሰው ሁሉ ቧንቧው ሲደፈን የሚደውለው ለኔ ነው። ያኔ "ስለ ውሃ ግጥም ነው የተማርኩት" ብል ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ሳምንት ሊፍታችን ተበላሸ። አክስቴ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ደረቷን በመዳፏ ጫን አደረገች።

"ምን ሆንሽ?"

"ንፋስ ነው።"

በማግስቱም ንፋስ። በሦስተኛው ቀን ላብ ያለበት ንፋስ። "አክስቴ፣ ይሄ ንፋስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚነፍሰው?" አልኳት። "ጨጓራዬ ነው፣ አብሽ እጠጣለሁ" አለች። አብሹን በየማለዳው ትጠጣዋለች፤ እኔም ምንም አልመሰለኝም። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ጨጓራ በሽታ አይደለም፣ የዜግነት ማረጋገጫ ነው። በአራተኛው ቀን አክስቴ በማዳም ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ቢላዋውን አስቀምጣ ወንበር ስትፈልግ ማዳም አየቻት። በዚያው ወደ ሆስፒታል ተላከች። ኢንሹራንሷ ሁሉንም ስለሚሸፍን ስለ ፍሉስ፣ ስለ ገንዘቡ፣ አላወራችሁም፤ ደስ ይበላችሁ፣ አንድ ሙሽኪላ፣ አንድ ጣጣ ቀነሰላችሁ።

አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ ሄድኩ። እዚህ ጋ ጥፋቴን ልናዘዝ፤ ከኔ በቀር የሚናዘዝልኝ የለም።

ነርሷ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም የጤና መጠይቅ ሰጠችን። የዛን ቀን ዱባይ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። ከሻርጃ ዱባይ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱ ላይ ያረጀ ያውቀዋል። ስለዚህ ቸኩያለሁ። ያልቸኮልኩበትን ቀን ማስታወስ እንኳን ያቅተኛል።

"የስኳር በሽታ አለብ..."

"ላ" አለች አክስቴ።

"አስም..."

"ላ።"

"ከዚህ በፊት የጨጓራ ቁስለት ወይም ደም መፍሰስ..."

"ላ አልኩሽ እኮ።"

ይሄ "ላ"፣ የዓረብኛው አይ፣ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ከአስራ ሰባት ዓመት በፊት ከሀገር ስትወጣ የኤጀንሲው ሰውዬ ሴቶቹን አሰልፎ አንድ ትምህርት ብቻ አስተምሯቸዋል። "ነጭ ኮት የለበሰ ሰው ምንም ይጠይቅሽ፣ መልሱ ላ ነው። አይዋ፣ አዎ፣ ያለች በመጣችበት አውሮፕላን ትመለሳለች።" ሌላ ምንም አላስተማራቸውም፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዴት እንደሚከፈት እንኳን። አክስቴ ይችን ትምህርት እንደ ፋቲሃ ይዛታለች። በየቪዛ እድሳቱ የጤና ምርመራ ስታልፍ ያለፈችው ላ በማለቷ ይመስላታል። ምርመራው የሚያየው ደሟንና ሳንባዋን ነው፤ ላ ማለቷን የመዘገበላት ማሽን የለም። ግን ሂዱና አስረዷት።

እኔስ? የተማርኩት እኔ? ከአምስተኛው ጥያቄ በኋላ ማንበብ አቆምኩ። በ"አይደለም" ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች ምልክቱን አወረድኩት፣ እንደ ክረምት ዝናብ። ከመጠበቂያ ክፍሉ ሰው ሁሉ አንደኛ ጨርሼ አስረከብኩ። ነርሷ "ፈጣን ነሽ" አለችኝ። ኮራሁ። ከዚያ ቃለ መጠይቁ ቦታ ዘግይቼ ደረስኩና እነሱም ላ አሉኝ።

ሐኪሙ ሕንዳዊ ነው፤ መላጣ፣ ረጋ ያለ፣ ድምፁ ሰው የሚያስተኛ። መጠይቁን አየና "በጣም ጤነኛ ሴት" አለ። ለልቧ ኪኒኖች ጀመረላት፤ አንደኛዋ ትንሽ ነጭ አስፕሪን ነበረች። ሳምንታት አለፉ፣ ሦስተኛው ፎቅ አልለቃት አለ። ከዚያ እንደ ትልቅ ዶናት ባለ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ልቧን ፎቶ አነሱት። ልብን ከሚመግቡት የደም ቧንቧዎች አንዱ ጠቧል። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሳለልኝ። በእጇ አንጓ በኩል ቀጭን ሽቦ ያስገባል፣ የጠበበው ቦታ ሲደርስ ስቴንት የምትባል የተጠላለፈች የብረት ወንፊት ከውስጥ ይዘረጋል፣ ቧንቧው እንደተከፈተ ይቀራል። ስቴንቱ ዓይነት ዓይነት አለው። ስለ ዓይነቱ የሚያስረዳ ወረቀት ሰጠኝና "ሰኞ ተመለሱ። ቤተሰብ ጥያቄ ካለው ይዛችሁ ኑ" አለኝ።

ይህን ለወሎ ሰው መናገር አልነበረበትም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስብሰባው ሙዋይለህ፣ እኛ ሳሎን ተከፈተ። ሐጂ ይመር ከእስክሪብቷቸው ጋር ሶፋው ላይ ተሰየሙ። ጓደኛዬ ሄለን ከዱባይ መጣች። ሄለን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ኢንተርናሽናል ሲቲ ከአምስት ሴቶች ጋር ቤድ ስፔስ፣ የአልጋ ቦታ ብቻ፣ ይዛ ትኖራለች፣ ከክፍሉ የሚያስወጣት ምክንያት ካገኘች የሰው ልብም ቢሆን ትመጣለች። አጎቴ ሰይድ፣ የአክስቴ ታላቅ ወንድም፣ ከደሴ በስልክ ገባ፤ ስልኩን ቴምር ሳህን ላይ አቆምንለት።

አክስቴስ? አክስቴ ወጥ ቤት ናት። በገዛ ልቧ ስብሰባ አልተጠራችም።

"ለሷ ምንም አይነገር" አሉ ሐጂ። "ቧንቧሽ ሊጸዳ ነው በሏት። ከሰማች ልቧ ይደነግጣል።"

"ሐጂ፣ የምናወራው እኮ ስለ ልቧ ነው።"

"ለዚህ እኮ ነው።"

ለዚህ መልስ ካላችሁ ላኩልኝ።

ወረቀቱን አንስቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ስቴንት ሦስት ዓይነት ነው እንበል። አንዱ ባዶ ብረት፣ ሌላው መድኃኒት የተቀባ ብረት፣ ሦስተኛው ሥራውን ጨርሶ ቀስ እያለ የሚሟሟ።

"የሚሟሟው" አለች ሄለን፣ ሳልጨርስ። "አዲሱ እሱ አይደል? ሰውነት ውስጥ ምንም አይተው፣ ቀላል፣ ዘመናዊ። ለምን አሮጌ ነገር ይገባላታል?"

"ሄለን፣ ስልክ አይደለም። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ ግን ቀደም ያሉት ላይ ደም መርጋት በዝቶ ታይቷል። ሐኪሙም እኔ አላስገባም ብሏል።"

"እኔ ባዶው ብረት ነው የምለው" አሉ ሐጂ፣ ቀጭ ቀጭ። "መኪና ላይ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ። ቅብ ያለው ነገር ሁሉ ይላጣል። ብረት ብረት ነው።"

"ጭራሽ ባይገባስ?" አለ አጎቴ ሰይድ ከቴምሩ ላይ። "ዱዓ እናድርግ፣ ማርና ጥቁር አዝሙድ እልካለሁ።"

ትዕግሥቴ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነበረች፣ እዚህ ላይ ተበጠሰች። "በዓይናችሁ ካላያችሁ አይገባችሁም" አልኩና ሐጂንና ሄለንን ወጥ ቤት ወሰድኳቸው። አክስቴን "አንዴ ዞር በይልኝ" አልኳት። ከእቃ ማጠቢያው ስር ተንበርክኬ የታጠፈችውን ቱቦ ፈታሁና አወጣኋት። ውስጧ ቅባት ተጋግሮ ግማሹን ዘግቶታል።

"ይኸው" አልኩ፣ አስተማሪ መስዬ። "የአክስቴ ደም ቧንቧ ይሄን ይመስላል። ባዶ ብረት ብናስገባ ይከፈታል፤ ግን ሰውነት ቁስል ሲያድን ሥጋ ያበቅላል፣ ያ ሥጋ በብረቱ መሀል እያደገ መልሶ ሊያጠበው ይችላል። የተቀባው መድኃኒት ይህን ሥጋ ያቀዘቅዘዋል፤ መልሶ የመጥበቡ ነገር በጣም ይቀንሳል።"

"ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል?" አለች ሄለን።

"ያው የቀዘቀዘው ሥጋ ብረቱን ቶሎ አይሸፍነውም። ያልተሸፈነ ብረት ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ሁለት ዓይነት ኪኒኖች ለወራት ሳይቋረጡ ይወሰዳሉ። በራስ ጊዜ ማቆም የለም፤ በድንገት ከቆመ አደጋ ነው። ኪኒኖቹ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፣ ሌላ ቦታ ደም ያስፈስሳሉ።"

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እስቲ ውሃውን ክፈቺው፣ ፍሰቱን እንይ።"

ያሉት ለሄለን ነው። ሄለን ደግሞ የሆቴል ሰው ናት፤ የታዘዘችውን ሳታስብ ትፈጽማለች። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ቱቦዋ ያለችው እኔ እጅ ላይ ነው።

ውሃው መጀመሪያ የመጣው ጭኔ ላይ ነው። ቀጥሎ ወለሉን፣ ቀጥሎ ሳሎኑን፣ ቀጥሎ በደረጃው በኩል ጎረቤቱን አዳረሰ። "ዝጊው" እላለሁ፣ ሄለን በተቃራኒው ታዞራለች። የሕንፃው ጠባቂ፣ ናጡሩ፣ ከታች እየጮኸ መጣና በሩ ላይ ቆሞ አየን፦ ቱቦ የታቀፈች መሐንዲስ፣ ጫማዋን በእጇ የያዘች እንግዳ ተቀባይ፣ ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው የሰበሰቡ ሽማግሌ። "ማን ነው የነካው?" አለ። ሐጂ በኩራት ወደኔ ጠቆሙ፤ "እሷ የተማረች ናት።"

ስብሰባው ግን አልተበተነም። ለልብ ስብሰባ ከተጠራ ልቡ ባይድን ስብሰባው ይድናል። ሁሉም እግሩን ሶፋ ላይ ሰቅሎ ቀጠለ፤ አጎቴ ሰይድም "ምንድነው የሚፈሰው?" እያለ ቀጠለ። አክስቴ መወልወያውን ይዛ ወጣች። ውሃውን ትሰበስባለች፤ ሐጂ ጋ ስትደርስ በመወልወያው እጀታ የሶፋውን እግር ነካ ነካ አደረገች፣ እሳቸውም ንግግራቸውን ሳያቋርጡ ዞር አሉላት። ልቧ ላይ እየተወሰነ ሥራቸውን ታጸዳለች።

ቀጭታው ቆመ።

"ባዶው ብረት" አሉ ሐጂ። "ለወራት ኪኒን፣ ረመዳን እየመጣ፣ አይሆንም። አንቺ ሰኞ ለሐኪሙ ቤተሰቡ ባዶውን መርጧል በይው። የሚያስፈራውን አትተርጉሚላት።"

"አልልም" አልኩ።

ሄለን ትከሻዬን ቆነጠጠችኝ። ሐጂ በሕይወታቸው "አልልም" የሚል ቃል ከሴት ልጅ የሰሙ አይመስልም፤ እስክሪብቶዋን ኪሳቸው ለመክተት ሦስት ጊዜ ሳቱ።

"ሐጂ፣ አክብሬዎት ነው። ኪኒኑ ማታ በኢፍጣር፣ ሌሊት በሱሑር ሰዓት ሊዋጥ እንደሚችል ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፣ ይቻላል ብሏል። ባዶው ብረት ግን ዛሬ ብዙ ቦታ የቀረ ነገር ነው። አንድ ሰው ይወስን ከተባለም የሚወስነው ወለል እየወለወለ ነው።"

አክስቴ ቀና አላለችም። "ያ ጥግ ቀርቷል፣ ጨርቅ አቀብይኝ" አለችኝ።

ሰኞ ማለዳ፣ ሐጂ በመኪናቸው መጥተው ሊወስዱን ሲሉ፣ አክስቴ አብሿን እያማሰለች ነበር። እኔ ወረቀቱን ለመጨረሻ ጊዜ አነብባለሁ። ታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ "ከዚህ በፊት ደም ፈስሶዎት ወይም የጨጓራ ቁስለት ኖሮዎት ከሆነ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ የስቴንቱ ምርጫና የመድኃኒቱ ጊዜ የሚወሰነው በዚህ ነው" ይላል። ዓይኔ ከወረቀቱ ወደ አብሹ ሄደ።

"አክስቴ፣ ጨጓራሽ ደም ፈስሶት ያውቃል?"

"ላ።"

ጥያቄው ሳያልቅ። ያቺው ላ።

"አክስቴ፣ እኔ ነጭ ኮት አልለበስኩም። ይሄ ቪዛ አይደለም።"

ማንኪያውን አቆመች። "ሰገራዬ ጠቁሯል" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። "እንደ ሬንጅ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዴ ሆኖ ለቆኝ ነበር። አሁን ያቺን ትንሿን ነጭ ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ ተመለሰብኝ። አንዳንድ ቀን እተዋታለሁ።"

ወረቀቱን አጠፍኩት። ያቺን ኪኒን ያስጀመረቻት ያች "በጣም ጤነኛ ሴት" ናት፤ ያቺን ጤነኛ ሴት ደግሞ በዝናብ የሳልኳት እኔ ነኝ። ጥቁሩ ነገር ደም ነው፤ ሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። እኛ ዛሬ ሄደን ደም መርጋቱን የሚከለክል ሁለተኛ ኪኒን ልናስጨምርላት ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደም ካልኩ ማዳም ትሰማለች። ማዳም ከሰማች ኸላስ፣ አለቀ፣ ይመልሱኛል። ከሚሴ ተመልሼ ምን እሆናለሁ? አስራ ሰባት ዓመት ያጠፋሁት እዚህ ነው። አትናገሪ። ወላሂ በይ።"

"አልልም።"

በሦስት ቀን ሁለተኛዬ ነው። "አክስቴ፣ ወላሂ ብል ቃሌን ጠብቄ አንቺን ልቀብር ነው። እኔ ደግሞ ለቀብር የሚሆን ትዕግሥት የለኝም። ቅጹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ቅጹ ስህተት ነው እላለሁ። ቀሪውን አንቺ ታውቂያለሽ። የአንቺ ሆድ ነው፣ እኔ አላወራበትም።"

አክስቴ ሻርፗን አስተካከለችና ሊፍቱን አልፋ ደረጃውን ያዘች።

ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የታመሙ ቀን የተመለሱ ሴቶች አውቃለሁ። ንግግሬ ቀላል፣ ውሳኔዋ ከባድ ነበር፤ ይህንን ያወቅኩት መኪናው ውስጥ ነው። እኔ ብሳሳት የምታጣው እሷ ናት።

የሐኪሙ ክፍል ጠባብ ነው፤ እኛ ግን ቤተሰብ ነን። ሐጂ እስክሪብቷቸውን ይዘው። ሄለን በሆቴል ዩኒፎርሟ፣ ፈቃድ ጠይቃ። ማዳም ደግሞ ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ሽቶዋ ክፍሉን ከኛ በላይ ሞልቶት። አክስቴ መሀል ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ።

ሐኪሙ መጠይቁን ገለጠ። "ደም የመፍሰስ ታሪክ የለም፣ ቁስለት የለም። መድኃኒት የተቀባው ስቴንት ጥሩ ነው፤ ሁለቱ ኪኒኖች ስድስት ወር ገደማ" አለ በእንግሊዝኛ።

የሐጂ ክርን ጎኔን ወጋኝ። "ባዶው በይው። ያላ፣ ቶሎ።"

"ዶክተር" አልኩ፣ "ያ ወረቀት ስህተት ነው። የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ሳላነብ ነው የሞላሁት።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። "ምን አለች?" አሉ ሐጂ። ማንም አልተረጎመላቸውም። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ፣ እኔን ትቶ ወደ አክስቴ ዞረና በተሰባበረ ዓረብኛው፣ ቀስ ብሎ፣ ደም ፈስሷት ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ነጩን ኮት ለብሷል።

እዚያ ክፍል ውስጥ እኔ አስተርጓሚ አልነበርኩም፣ ለካ ድሮም አላስፈለግኩም። የአክስቴ ዓረብኛ ከሐኪሙም ከኔም ይበልጣል፤ አስራ ሰባት ዓመት ማንም ስለሷ ነገር ስላልጠየቃት ነው እንጂ። ወደ ማዳም አየች። ወደኔ አላየችም። የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች።

"አይዋ" አለች።

ከዚያ በኋላ የሚያቆማት ጠፋ። ስንት ቀን፣ ምን ዓይነት፣ መቼ ጀመረ፣ የትኛውን ኪኒን መቼ መቼ ተወች፤ ሁሉንም በዓረብኛ ዘረገፈችው። ሐኪሙ ጽፎ አልደረሰባትም። ስትጨርስ ወደ ማዳም ዞረችና "አሁን ልትመልሺኝ ትችያለሽ" አለቻት።

ማዳም መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፣ መልሳ ሰቀለችው። "ሰአዳ፣ እኔም ቁስለት አለብኝ። ባለቤቴም ነበረበት፣ አላህ ይማረው። የማን በርበሬ ይመስልሻል?"

ሐኪሙ ሳል መሰለ፣ ሳቅ ነበር።

የዛኑ ቀን ደሟ ተመረመረ፤ በጣም ቀንሷል። ሐኪሙ "ደም ማነሱም ለብቻው ደረትን ያስጨንቃል" አለኝ። የልቡ ሕክምና ለጊዜው እንዲቆይ ተደረገ። ሆዷ በካሜራ ታየ፣ ቁስለቱ ተገኘ፣ ታከመ። ስቴንቱ ላይ ደግሞ የኛ ጉባኤ የተከራከረበት ሁሉ ዋጋ አልነበረውም። ባዶውን ብረት ሐኪሙ ከነጭራሹ አልፈለገውም፤ አዲሶቹ ቅብ ስቴንቶች ደም ለሚፈሳቸው ሰዎችም ይሆናሉ፣ ሁለቱ ኪኒኖች ለአጭር ጊዜ ይሆናሉ፣ ጨጓራን የሚጠብቅ መድኃኒት ይጨመራል አለ። "አጭርም ቢሆን ግን አንድ ቀን አትዘልም፤ ሆድሽ ከተለወጠም የዛኑ ቀን ትነግሪኛለሽ" አላት። ለሷ ነው የነገራት፣ እኔን አልፎ። ብረቱ ሁሉ ጥቅምም ጉዳትም አለው፤ የትኛው እንደሚበልጥ የሚወስነው ብረቱ ሳይሆን ባለቤቱ የሚናገረው እውነት ነው። እኛ ብረት ስንመርጥ እሷን ሳንጠይቃት ቀረን።

ቁስለቱ ከዳነ በኋላ፣ ስቴንቱ የሚገባበት ቀን፣ ነርሷ ያንን ረጅም መጠይቅ እንደ አዲስ ሰጠችን። በዚህኛው ቀን አንድ ጥያቄ አልዘለልኩም። ቀስ ብዬ ስተረጉም ከኋላችን የነበረ ሰው ሁሉ ጨርሶ ሄደ።

"ሰውነትሽ የማይቀበለው፣ የሚያሳክክሽ ነገር አለ?"

አሰበች። "ስብሰባ ብለሽ ጻፊ።"

ከዚያ የፈቃድ ወረቀቱ መጣ። "ማን ይፈርማል?" አለች ነርሷ። ሐጂ ተነሱ፣ እስክሪብቷቸውን ቀጭ አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አክስቴ እጇን ዘረጋችና ከጣቶቻቸው መሀል እስክሪብቶዋን ወሰደች። ስሟን በዓረብኛ ጻፈች፣ ከስሩ በአማርኛ ደገመችው፣ እንዳይጠፋባቸው።

ይኸው ዛሬ ደረጃውን ትወጣለች። ሊፍቱ ተሠርቷል፤ እሷ ግን እኔን ለማናደድ በእግሯ ትሄዳለች፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆማ "ንፋስ ነው?" ትለኛለች፣ እያለከለክኩ ስደርስ። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላለች፤ ኪኒኗን በዋጠች ቁጥር ቀኑ ላይ ምልክት ታደርጋለች። በዚያችው በብር ቀለሟ እስክሪብቶ።

ባለፈው ዓርብ ሐጂ መጡ። ቴምር በሉ፣ ስለ ጤናዋ ጠየቁ፣ የሸሚዛቸውን ባዶ ኪስ ደጋግመው ዳሰሱ። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሰአዳ፣ ያቺ እስክሪብቶዬ..."

"ላ" አለች አክስቴ።

ስሰማት አስራ ሰባት ዓመት ስትለው የኖረችው ላ እንዳልሆነ አወቅኩ። ይሄኛው እውነቷን ነው።